የክራኮው መድፍ ሠሪና የልጅ ልጁ የዘር ማስረጃ

በቴዎድሮስ አደባባይ ሲያልፍ የሴባስቶፖልን አምሳያ ያላየ የአዲስ አበባ ነዋሪ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ዋናው መድፍ ግን ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው። ስለ አፄ ቴዎድሮስ በተጻፈና በተከራከርን ቁጥር መድፉ ይነሳል፤ ያቀለጡትን ሰዎች ግን የጋፋት ፈረንጆች ብለን በጅምላ እናልፋቸዋለን። ከእነዚያ ፈረንጆች አንዱ ሞሪትዝ ሃል የሚባል ፖላንዳዊ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ያነሳሳኝ መድፉ ሳይሆን የሰውዬው ዘር ጉዳይ ነው። በሕግ ሙያ ውስጥ ለኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ የትውልድ ማስረጃ ታሪክ በቀላሉ አይገኝም።

ሃል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1838 ክራኮው ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ራሷን የቻለች ፖላንድ አልነበረችም። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ተከፋፍለዋት፣ ክራኮው ብቻ ነፃ ከተማ ተብላ እስከ 1846 ከቆየች በኋላ እሷም በኦስትሪያ ተጠቀለለች። የፖላንድ ዘሩን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገላብጠው የካቶሊክ አጥቢያዎችን የጥምቀት መዝገብ ነው። ሃል እዚያ የለም፤ ቤተሰቡ አይሁድ ነበሩና። ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ ጋር የሚተዋወቀው ካደገ በኋላ፣ በሚስዮናውያን ትምህርት ፕሮቴስታንት ክርስቲያን ሲሆን ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ሃልን ክርስቲያን ሆኖ ያገኘዋል እንጂ ከየት እንደመጣ አያውቅም።

ጋፋት ከደብረ ታቦር ብዙ የማትርቅ መንደር ናት። በባዝል አጠገብ ካለችው ቅድስት ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡ ጀርመኖችና ስዊሶች እዚያ ሰፍረው ነበር። የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ይልቅ የእጅ ሙያቸውን ፈለጉት። መንገድ ሠሩ፣ ጋሪ ሠሩ፣ በመጨረሻም መድፍ እንዲያቀልጡ ታዘዙ። ሰባኪዎቹ ይህን ሥራ ከመጽሐፍም ሆነ ከስህተት እየተማሩ ነው የገቡበት፤ ብረት የማቅለጥ ሙያ ይዞ የመጣው ሃል ነበር። ደመወዝም፣ ክብርም፣ እስርም አንድ ላይ የሚሰጥበት ዘመን ነውና እነዚህ ሰዎች እንግዳ ይሁኑ እስረኛ ለመለየት ያስቸግራል። እኔ ሁለቱንም ነበሩ ባይ ነኝ።

ሃል በጋፋት ብቻውን አልኖረም። ያገባት ወለተ ኢየሱስ፣ በሌላ ስሟ ካታሪና፣ የኤድዋርድ ዛንደር ልጅ ናት። ዛንደር ጀርመናዊ ሠዓሊ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1847 መጥቶ በመጀመሪያ ደጃዝማች ውቤን፣ ከደረስጌ ጦርነት በኋላ ደግሞ አፄ ቴዎድሮስን አገልግሏል። እናቷ እሴተ ወርቅ የምትባል የጎንደር እመቤት ነበረች። የክራኮው አይሁድ፣ የጀርመኑ ሠዓሊና የጎንደሯ እመቤት የተገናኙት እንግዲህ በዚህ ጋብቻ ነው።

ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል እ.ኤ.አ. በ1867 ቀለጠ። ከዚያ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ገደሉ እየተናደና መንገዱ እየተቆረጠ መቅደላ ደረሰ። በጦርነቱ የፈየደው ነገር የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዞች እጅ ወደቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸውን ሠዉ። ወለተ ኢየሱስ በዚያው የጦርነት ሰሞን መቅደላ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱም መቅደላና ተባለች። የትውልድ ቦታዋን በስሟ የያዘች ልጅ ናት፤ መዝገብ ቢጠፋ እንኳ ስሟ ይመሰክራል።

ሃል ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጣና ፍልስጤም ውስጥ ያፋ ከተማ ሰፈረ። እዚያው በ1914 አረፈ። መቅደላና እ.ኤ.አ. በ1889 ፕላቶን ኡስቲኖቭ የሚባል፣ ሃይማኖቱን ለውጦ የጀርመን ዜግነት የወሰደ ሩሲያዊ ባላባት አገባች። ልጃቸው ዮና በ1892 ተወለደ። የዮና ልጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው፣ በ2004 ያረፈው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ስለ ፒተር በወጡ ጽሑፎች ዘሩ ከኢትዮጵያ ነገሥታት እንደሚመዘዝ ሲነገር ኖሯል። የተረጋገጠው ግን እሴተ ወርቅ የአያቱ አያት መሆኗ ነው። ይህ ከአሥራ ስድስት አንድ እጅ ማለት ነው። ኔሮን ሆኖ የሠራበትን ፊልም ባየሁ ቁጥር ዓይኑ ላይ ጎንደርን እፈልጋለሁ፤ አንዳንዴ ያገኘሁ ይመስለኛል። መልክ ፈላጊ የፈለገውን አያጣም። ፍርድ ቤት መልክን በማስረጃነት ለመቀበል የሚያመነታው ለዚህ ይመስለኛል።

የኛ ሕግ ምን ይላል? የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጅነት በልደት የምስክር ወረቀት ይረጋገጣል ይላል። ወረቀቱ ከሌለ ሰውየው በቤተሰቡና በአካባቢው የእገሌ ልጅ ተብሎ መታወቁ ያገለግላል። ልደትን በመላ አገሪቱ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ብዙዎቻችን ልጅ የሆንነው በሁለተኛው መንገድ ነው።

አንድ ጊዜ ለጉምሩክ ጉዳይ ደወሌ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ሄጄ ይህንኑ በዓይኔ አይቻለሁ። መታወቂያ ያልያዘ የኢሳ ልጅ ማንነቱን ሲጠየቅ አባቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ጠያቂውም ሽማግሌ ከአምስተኛው አባት ጀምሮ አብሮት ቆጠረና ዘመዳሞች መሆናቸው ታወቀ። ሶማሌዎች አብቲርሲ ይሉታል። የማይቃጠልና የማይሰረቅ መዝገብ ነው። ነገር ግን የሚቆጥረው በአባት ብቻ ነው። ወለተ ኢየሱስም፣ መቅደላናም እዚያ አይገቡም፤ ለኡስቲኖቭ ቤት ኢትዮጵያም ፖላንድም የመጡት በእነዚህ ሴቶች በኩል ሆኖ ሳለ። በኛ የርስት ክርክር በእናትም በአባትም ይቆጠር ስለነበር ሃል በጎጃም ወይም በበጌምድር ሸንጎ ቢሆን ኖሮ አይጠፋም ነበር።

ያልጠፋበት ሌላ ቦታ ግን ነበር፤ በርሊን። ዮና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን በአየር ኃይል ተዋግቷል። በኋላም በለንደን የጀርመን ኤምባሲ የፕሬስ ሹም ሆነ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ሠራተኛው አይሁዳዊ ያልሆነ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያዝዛል። ለመባረር ከአያቶቹ አንዱ አይሁዳዊ መሆኑ ይበቃል። በመላ ጀርመን ሰዎች የአያቶቻቸውን የጥምቀት ወረቀት ፍለጋ ወደየአጥቢያው ጎረፉ። ለዘመናት ለሠርግና ለቀብር ሲያገለግል የኖረ መዝገብ እንጀራንና ሕይወትን የሚወስን ሆነ። የዮና የእናት አባት ደግሞ ያ የክራኮው መድፍ ሠሪ ነው። ዮና የተጠየቀውን ማስረጃ አላቀርብም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1935 ከሥራው ለቀቀ።

የእንግሊዝ ዜግነት ሲወስድ ሕጉ ማመልከቻው በጋዜጣ እንዲወጣ ያስገድድ ነበር። ጀርመኖች እንዳያነቡት በዌልስ ቋንቋ በሚታተም ጋዜጣ ወጣ ይባላል። የሕጉን ፊደል ጠብቆ መንፈሱን ማምለጥ ይሏል ይህ ነው፤ እንደ ሕግ ባለሙያ አደንቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ለእንግሊዝ የስለላ ድርጅት እየሠራ፣ ከጀርመን ኤምባሲ ውስጥ ወዳጆቹ ያቀበሉትን መረጃ ለለንደን ያደርስ ነበር።

ከሃል ልጆች አንዱ ዳዊት ወደ እናቱ አገር ተመልሶ አዲስ አበባ ኖሯል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት አማካሪም ነበር። የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ፣ በሐምሌ 1935 እ.ኤ.አ. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በምስጢር መሣሪያ እንዲለምን ወደ በርሊን ላኩት። የእህቱ ልጅ በአያቱ ዘር ምክንያት ሥራውን በለቀቀበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ሂትለር በኦስትሪያ ጉዳይ ከሙሶሊኒ ጋር ተቃቅሮ ስለነበር ጣሊያን አፍሪካ ውስጥ ብትጠመድ አይጠላም። ዳዊት ለመሣሪያ መግዣ የሚሆን 3 ሚሊዮን ራይሽ ማርክ ተፈቅዶለት ወጣ። ወራት ሳይቆይ፣ በመስከረም 1935፣ የኑረምበርግ ሕጎች ታወጁ።