የምድር ባቡር አሳቢ የሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የሕይወት ታሪክ



ለዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በተነገረኝ ጊዜ የመረጥሁት ሙሴ አልፍሬድ ኢልግን ነው። ሙሴ ኢልግ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ምድር ባቡር ያሰቡና ያስጀመሩ የስዊስ አገር መሐንዲስ ነበሩ። እኒህን ሰው የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው።

አንደኛው፣ ባቡሩን ለመሥራት የተጻፈው የመጀመሪያው ውል የእኛን አገር የከፋን ስም የሚጠራ መሆኑ ነው። ይህን ነገር ከክፍል ጓደኞቼ መካከል አስቀድሞ የሰማ አላገኘሁም። ሁለተኛው፣ ብዙዎቻችን ትምህርታችንን ስንጨርስ የራሳችንን ሥራ ለመጀመር የምናስብ መሆናችን ነው። አሳቡ አለን፤ ገንዘቡ ግን የለንም። ዛሬ በከተማ ያሉ ወጣቶች ስታርታፕ ብለው የሚጠሩትም ይህንኑ ነው። ታዲያ አሳብ ያለው ሰው ገንዘብ ያለውን ሰው በምን ያሳምነዋል? ገንዘቡንስ ካገኘ በኋላ ሥራው የሚቃናው በምን ምክንያት ነው? የሙሴ ኢልግ ሕይወት ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ሆኖ አገኘሁት። ዓመቶቹን የምጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

ሙሴ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. ፍራውንፌልድ በምትባል የስዊስ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ከተማ በሚገኘው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤትም ምሕንድስና ተማሩ። በዚያን ዘመን የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የእጅ ሥራና የመኪና ዕውቀት ያላቸው ሰዎች ከአውሮፓ እንዲመጡላቸው ይፈልጉ ነበር። ይህም ፍላጎታቸው በኤደን ወደብ በነበረ አንድ የስዊስ የንግድ ቤት በኩል እስከ ስዊስ አገር ተሰማ። ሙሴ ኢልግም ከሁለት የእጅ ሠራተኞች ጋር ተነሥተው፣ ረጅሙን መንገድ ተጉዘው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገቡ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ገና 25 ዓመት አልሞላም ነበር።

ስለ መጀመሪያው ሥራቸው የሚነገር አንድ ወሬ አለ። ንጉሡ መሐንዲሱን መጀመሪያ ያዘዟቸው ጫማ እንዲሠሩ ነበር ይባላል። ጫማውን ሠርተው ቢያቀርቡ ንጉሡ ደስ አላቸውና ደግሞ ጠመንጃ እንዲሠሩ አዘዙ። ሙሴ ኢልግ ጠመንጃ ከውጭ አገር ተገዝቶ ቢመጣ በዋጋ እንደሚረክስ ገልጸው ነበር፤ ሆኖም ትእዛዝ ነውና ሠርተው አቀረቡ ይላል ወሬው። ታሪኩ በአፍ ሲወርድ የመጣ ነው። ለአንባቢ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን በውስጡ አለ፤ ይኸውም በትንሹ ያልታመነ ሰው በትልቁ አይታመንም የሚለው ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉት ሥራዎች በእርግጥ የታወቁ ናቸው። ሙሴ ኢልግ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ። በ1886 ዓ.ም. ገደማም ውኃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት እንዲገባ አደረጉ። ውኃ ሽቅብ ሊወጣ ይችላል ብሎ ያመነ ሰው በዚያን ጊዜ ጥቂት ነበር። ውኃው በዓይን ከታየ በኋላ ግን ክርክሩ ቀረ። አንባብያን ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የዓመቱን ቁጥር ነው። ሙሴ ኢልግ አገራችን ከገቡበት ከ1871 ዓ.ም. ጀምሮ የባቡሩን ውል እስካገኙበት እስከ 1886 ዓ.ም. ድረስ 15 ዓመት አልፏል። በነዚህ 15 ዓመታት ቋንቋውን፣ የአገሩን ሰው ጠባይና የመሬቱን አቀማመጥ አወቁ። ንጉሡም የሰውየውን እጅ አዩ። ስለዚህ ዐፄ ምኒልክ ውሉን በሰጡ ጊዜ ያመኑት ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ከወረቀቱ በፊት የተሠራውን ሥራ ጭምር ነበር።

አሁን ወደ ባቡሩ አሳብ ልመለስ። በዚያን ዘመን ከመሐል አገር ወደ ባሕር የሚሄድ ዕቃ ሁሉ በበቅሎ፣ በአህያና በግመል ነበር የሚጫነው። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ቆዳው ከብዙ ሳምንት ጉዞ በኋላ ወደብ ይደርስ ነበር። በመንገድ ላይ ከብቱ ይሞታል፤ በየኬላው ቀረጥ ይከፈላል፤ ዝናብና ሽፍታም አለ። ከኛ ከከፋ የሚነሣው ቡናና ኮረሪማ ደግሞ ከሁሉ የራቀውን መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ የመጓጓዣው ወጪ የዕቃውን ዋጋ ይበላው ነበር። ሙሴ ኢልግ ያዩት ችግር ይህ ነው። አሳባቸው ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ ሳይሆን በየቀኑ በዓይን ከሚታይ ድካም የተነሣ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ለ99 ዓመት የሚጸና የባቡር ሥራ ፈቃድ ለሙሴ ኢልግ ሰጡ። በዚህ ሥራ አብረዋቸው የነበሩት ሙሴ ሸፍኔ የሚባሉ የፈረንሳይ ነጋዴ ናቸው። መሐንዲሱ ሥራውን፣ ነጋዴው ንግዱን ያውቁ ነበርና አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላ ነበር። ውሉ መንገዱን በሦስት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ነው። ኩባንያው በሐዲዱ አጠገብ የቴሌግራፍ ሽቦ እንዲዘረጋ ታዘዘ። ለንጉሠ ነገሥቱም ከኩባንያው አክሲዮን እንዲሰጣቸው፣ ትርፉ ከ3 ሚሊዮን ፍራንክ ሲያልፍም ከበላዩ ግማሹ የእሳቸው እንዲሆን ስምምነት ተደረገ። እንግዲህ በዚህ ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ወገን የሚያገኘው ጥቅም ተለይቶ ተጽፏል። አንድ ሰው አዲስ ሥራ ይዞ ወደ ባለ ገንዘብ ሲቀርብ አስቀድሞ ማሰናዳት ያለበትም ይህንኑ ነው። ስለ ራሱ ምኞት ብዙ ከማውራት ይልቅ ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ምን እንደሚያገኝና መቼ እንደሚያገኝ ቢያስረዳ ይሻላል።

ነገር ግን ስለ ሦስተኛው መስመር አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ውሉ በተጻፈበት በ1886 ዓ.ም. ከፋ በዐፄ ምኒልክ ግዛት ውስጥ አልነበረችም። የራሷ ንጉሥ የነበራት አገር ነበረች። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ የተያዙት ከውሉ ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። እንግዲህ ሐዲዱ በወረቀት ላይ ከፋ የገባው የከፋ ሰው ምንም ሳይሰማና ሳይጠየቅ ነበር። አያቶቻችን ስለ መንገዱ ቢጠየቁ ኖሮ ምን እንደሚሉ እያሰብሁ ብዙ ጊዜ ተክዣለሁ። አዲስ ሥራ የሚያቅድ ሰው በሥራው የሚነካውን ሕዝብ አስቀድሞ ማማከር እንዳለበት የተማርሁት ከዚህ ነው።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ከባዱ ነገር ገንዘቡ ሆነ። ኩባንያው በፓሪስ ተቋቁሞ አክሲዮን መሸጥ ጀመረ። ኢትዮጵያ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ስላደረገች ስሟ በአውሮፓ ገንኖ ነበር፤ ሆኖም ባለ ገንዘቦች ሩቅ አገር ለሚዘረጋ ሐዲድ ገንዘባቸውን በብዛት ለማውጣት ፈሩ። በ1890 ዓ.ም. ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። ምድሩ በረሃ ነው፤ ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ ውኃ የለም። ሐዲዱ የሚያልፍበት አገር ሰውም፣ በግመል ጭነት የሚኖረውም ነጋዴ እንጀራችን ሊቀር ነው ብሎ አልወደደውም። ወጪው ከታሰበው በላይ ሆነ። ሐረር በተራራ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም የተነሣ መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገና በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተመሠረተች። ይህች ከተማ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ናት። መንገዱን እንደ መሬቱ ሁኔታ ማስተካከላቸው ብልህነት ነበር።

የገንዘቡ ጉድለት ግን ሌላ መዘዝ አመጣ። ኩባንያው ከለንደን ባለ ገንዘቦች ብድር ፈለገ። ይህን ያየው የፈረንሳይ መንግሥት ባቡሩ በእንግሊዞች እጅ እንዳይገባ በመሥጋት በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ። በየዓመቱ 500 ሺህ ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጥ ተስማማና በምላሹ በኩባንያው ላይ ሥልጣን አገኘ። ዐፄ ምኒልክ ይህን በሰሙ ጊዜ ተቈጡ። ፈቃዱን የሰጡት ለአንድ ኩባንያ እንጂ ለሌላ መንግሥት አልነበረምና፣ ሳይጠየቁ በአገራቸው ባቡር ላይ የባዕድ እጅ መግባቱ አሳዘናቸው። ሐዲዱ ከድሬዳዋ እንዳያልፍም ከለከሉ። ኩባንያው ከመንገዱ ግማሹን እንኳ ሳይጨርስ ቆመ፤ በ1899 ዓ.ም. ገደማም ከሰረ።

ሙሴ ኢልግ ከ1889 ዓ.ም. ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት አማካሪ ሆነው ከውጭ አገር መልእክተኞች ጋር በሚደረገው ንግግር ብዙ ረድተዋል። ኩባንያው በከሰረበት ጊዜ አካባቢ ግን ሥራቸውን ትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተጽፎ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሥራውም እንደገና ቀጠለ። ሙሴ ኢልግ በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ከተማ ዐረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሲያልቅ ለማየት የቀራቸው አንድ ዓመት ያህል ነበር።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሙሴ ኢልግ ተሳክቶላቸዋል ወይስ አልተሳካላቸውም ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ኩባንያቸው ከስሯል። አሳባቸው ግን ከኩባንያውም ከእርሳቸውም ዕድሜ በላይ ኖረ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በሥራቸው ፈቃዱን ያስገኘው ነገር አንድ ነው፤ ሥራውን ያሰናከለው ነገር ግን ሌላ ነው። ፈቃዱን ያስገኘው በ15 ዓመት ሥራ የተገኘው እምነት፣ በዓይን የሚታይ ችግርና በግልጽ የተጻፈ ውል ነው። ሥራውን ያሰናከለው ደግሞ ወጪውን እስከ መጨረሻው አለመቍጠርና ገንዘቡ ሲያልቅ የገንዘቡን ባለቤት ሳይመረምሩ መቀበል ነው። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ሁሉ ከገንዘቡ ጋር አሳቡንም ይዞ ይመጣል። ገንዘቡ ከገባ በኋላ አሳቡን ማስወጣት አስቸጋሪ ነው። ዐፄ ምኒልክን ያስቈጣቸው የገንዘቡ መምጣት አልነበረም፤ እሳቸው ባለ አክሲዮን ሳሉ ሳይጠየቁ መቅረታቸው ነው። ፈቃዱን የሰጠ ሰው ካኰረፈ ደግሞ የፓሪስ ፍራንክ ሐዲዱን አንድ ክንድ እንኳ ሊያስኬደው አልቻለም።

ይህን የምጽፈው ለወሬ ብቻ አይደለም። በክፍላችን ውስጥ ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ማር አጣርቶ በንጹሕ ዕቃ ለመሸጥ አስበናል። ከፋ የማር አገር ነው፤ ከቦንጋ ወደ ሚዛን የሚያልፈው መኪና በዋጫ በኩል ስለሚያልፍ ገበያው ሩቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ለማጣሪያውና ለዕቃው የሚሆን ገንዘብ ከወላጆቻችን መለመናችን አይቀርም። ወላጆቻችን ገንዘቡን ያገኙት ከቡናና ከእርሻ ድካም ስለሆነ በቀላሉ ሊጠየቅ የሚገባ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ከሙሴ ኢልግ በተማርሁት መሠረት ለጓደኞቼ ይህን አሳብ አቅርቤያለሁ። መጀመሪያ ከጥቂት ቀፎ የተገኘውን ማር በራሳችን አጣርተን ለወላጆቻችን እናቅምስ። ቀጥለን ወጪውን ከማሰሮው እስከ መኪናው ኪራይ ድረስ ሳናስቀር እንጻፍ። የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት እንደሆነና ኪሣራ ቢመጣ ማን እንደሚሸከመው በወረቀት ላይ እናስፍር። ቀፎውን የሚሰቅሉትንም አባቶች ገና ሥራው ሳይጀመር እናማክር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢከለክሉን እንኳ አናፍርም።

ሙሴ ኢልግ በወረቀት የጻፉት ሐዲድ እስከ ዛሬ ከፋ አልደረሰም። ቡናችንና ማራችን ወደ ገበያ የሚሄደው በመኪና ነው። አንድ ቀን የዋጫ ልጅ መሐንዲስ ሆኖ ሦስተኛውን መስመር እንደገና ያስብ ይሆናል። ያ ሰው ወደ ባለ ገንዘቦች ከመቅረቡ በፊት የዚህን አገር ሰው ጠይቆ፣ ወጪውን ቈጥሮ፣ በትንሹ ታምኖ እንዲነሣ እመኛለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉና፣ ወላጆችና መምህራንም በትንሹ ሥራችን እየመዘኑ እንዲረዱን በትሕትና እለምናለሁ።