አባ ማሪን መርሴን፦ የቁጥር ሊቅ የነበሩ መነኩሴ (1588–1648)

አባ ማሪን መርሴን በፈረንሳይ አገር፣ በሜን አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1588 ዓ.ም. ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በላ ፍሌሽ በኢየሱሳውያን ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በፓሪስ ነገረ መለኮትን ከተማሩ በኋላ፣ በ1611 ቅዱስ ፍራንቼስኮስ ዘፓውላ ወደ መሠረቱት ወደ ሚኒም ማኅበር ገቡ። የዚህ ማኅበር መነኮሳት ከሌሎቹ መሐላዎች በተጨማሪ ዕድሜ ልካቸውን ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ላይቀምሱ ይምሉ ነበር።

በዚያ ዘመን ሰው ምንም እውነት በእርግጥ ሊያውቅ አይችልም የሚሉ ተጠራጣሪዎች በርክተው ነበር። አባ መርሴን ይህ አሳብ እምነትንም ዕውቀትንም እንደሚያፈርስ ስለ ተረዱ፣ በ1625 ስለ ዕውቀት እውነተኛነት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ለማስረጃም በተለይ የሒሳብን ትምህርት አቀረቡ። በፓሪስ ገዳማቸው ሆነው ከደካርት፣ ከፌርማና ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ይጻጻፉ፣ የአንዱንም ግኝት ለሌላው ያደርሱ ነበር።

ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ሁለት ሁለቶችን አባዝተን 1 ብንቀንስ 3፣ ሦስቱን ብናባዛ 7፣ አምስቱን ብናባዛ 31 እናገኛለን፤ ሦስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። አባ መርሴን በ1644 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሁለቶቹ ብዛት እስከ 257 ሲደርስ ብቸኛ ቁጥር የሚገኘው በ11 ስፍራ ብቻ ነው ብለው ዘረዘሩ፤ ከእነዚህም አንዱ 67 ነበር። ይሁን እንጂ 15 ወይም 20 አኃዝ ያለውን ቁጥር መርምሮ ለመወሰን ዘመን ሁሉ እንደማይበቃ ራሳቸው አስገንዝበዋል።

የ67ቱ ቁጥር 147,573,952,589,676,412,927 ነው። በ1876 ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካ ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጡ፤ አካፋዮቹን ግን አላገኙም። በ1903 አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ቁጥሩ የ193,707,721 እና የ761,838,257,287 ብዜት መሆኑን አሳዩ። ዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ ተመርምሮ ያለቀው በ1947 ነው፤ 67 እና 257 በስህተት ገብተው፣ 61፣ 89 እና 107 ተዘልለው ተገኙ።

አባ መርሴን በ1648 ዓ.ም. በፓሪስ ዐረፉ፤ የሞታቸው ምክንያት ለሐኪሞች ትምህርት እንዲሆን ሥጋቸው እንዲመረመር ተናዝዘው ነበር። እነዚህ ቁጥሮች ዛሬም በስማቸው ይጠራሉ፤ በ2024 የተገኘው 41,024,320 አኃዞች አሉት።

ውድ አንባብያን፣ የዝርዝሩ መሳሳት የእኚህን መነኩሴ ድካም ከንቱ አላደረገውም። ስህተቱ የታወቀው፣ እውነት ሊታወቅ ይችላል ብለው በተከራከሩለት በዚያው የሒሳብ መንገድ ነውና፣ መታረሙ ራሱ ምስክር ሆነላቸው።