የሰላ ድንጋይዋ እመቤት፣ ወይዘሮ ዘነበወርቅ

ሰላ ድንጋይ ዛሬ የሞጃና ወደራ ወረዳ ከተማ ናት። ከመንዝ የምትጎራበት፣ ብርዱ የሚያንዘፈዝፍባት ትንሽ የደጋ ከተማ ነች። አብዛኞቻችን ለገበያ ወይም ለጉዳይ ስንሄድ አልፈንባታል። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ግን የአንዲት ሴት መናገሻ ነበረች።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ የሸዋው ገዥ የራስ ወሰን ሰገድ ባለቤት ነበሩ። ባላቸው በ1805 ዓ.ም. በሰው እጅ ተገደሉ። ልጃቸው ሣህለ ሥላሴ ገና ጎረምሳ ሳለ ሥልጣኑን ያዘ፤ ኋላም ንጉሥ ተባለ። የአጤ ምኒልክ አያት ማለት እሳቸው ናቸው።

እናትየው የንጉሥ እናት ተብለው አንኮበር ውስጥ እየተጦሩ መኖር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ሰላ ድንጋይ ላይ ቤታቸውን አቁመው አገር አስተዳደሩ። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ በመጋቢት 1834 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሲሄድ በዚያ አልፎ ጎብኝቷቸዋል። በጻፈው ማስታወሻ ከሸዋ ግማሽ የሚጠጋውን የሚገዙት እሳቸው መሆናቸውን መዝግቧል። ክራፕፍ የሸዋን ግዛት በደህና ተሻገረ። ወሎ ሲገባ ግን አዳራ ቢሌ የተባለ ባላባት አስሮ ንብረቱን ዘረፈው። መንገደኛ በሰላም የሚያልፍበት አገር እንዲሁ አይገኝም፤ የሚጠብቀውና የሚዳኘው ሰው ያስፈልገዋል። ከሸዋ ግማሹ ላይ ያንን ሥራ የሠሩት አንዲት ባልቴት ነበሩ።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. አረፉ። ከዚያ ወዲህ የትውልድ ሐረጉ ሲቆጠር ከወሰን ሰገድ ሣህለ ሥላሴ፣ ከሣህለ ሥላሴ ኃይለ መለኮት፣ ከኃይለ መለኮት ምኒልክ ይባላል። በአባት በኩል ብቻ ስለሚቆጠር የዘነበወርቅ ስም ይዘለላል። እኛም ልጆቻችንን ስናስተምር የምንዘልላቸው ለዚህ ነው።

በአገራችን ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ርስት የመውረስ መብት ከጥንትም ነበራት። ብዙ ጊዜ የጎደላት ስሟን የሚያቆይላት ጽሑፍ ነው። ዛሬ በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የሚስት ስምና ፎቶ ከባሏ ጋር ይሰፍራል። ሆኖም ደብተሩ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ የተጻፈውን አንድ ቀን እንኳ ሳታይ የምትኖር እህት በመካከላችን አትጠፋም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችን ሁላችንም ደብተራችንን ይዘን እንምጣ። ማንበብ የምትችለው ለማትችለው ታንብብላት። ስሟ የተሳሳተባት ወይም የተዘለለባት ካለች አብረናት ወረዳ እንሂድ። ያን ያህል አገር የገዙት እመቤት ስም ከተረሳ የእኛን ዝም ብሎ የሚያስታውስልን የለም።