ጉዲና ቱምሳ

ቄስ ጉዲና ቱምሳ (ሚያዝያ 27 ቀን 1921 – ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ሰባኪ፣ የነገረ መለኮት አስተማሪና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በዚህ ኃላፊነት ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ሞታቸው ድረስ አገልግለዋል። በደርግ ዘመን ተገድለው ከሞቱ የሃይማኖት አባቶች አንዱ ሲሆኑ፣ በይበልጥ የሚታወቁት ሰው የሚድነው በጸጋ ብቻ እንደሆነና ይህ ጸጋ ግን የሰውን ሙሉ ሕይወት እንደሚለውጥ በማስተማራቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን ነፍስንም ሥጋንም ሳትለይ ማገልገል አለባት የሚለው «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የተባለው አስተሳሰብ ከስማቸው ጋር ተያይዞ ይነሳል።

ልጅነትና ትምህርት

ጉዲና ቱምሳ የተወለዱት በወለጋ፣ ቦጂ በተባለው አካባቢ ከኦሮሞ ቤተሰብ ነው። ቦጂ በኢትዮጵያ የወንጌላውያን ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አላት። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የተባሉት ቄስ በ1898 እ.ኤ.አ. ወደዚያ መጥተው ወንጌልን በአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ ማስተማር ጀምረው ነበር። እሳቸውም በ1905 እ.ኤ.አ. በእሳት ቃጠሎ ሕይወታቸው አልፏል። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦነሲሞስ ነሲብና የአስቴር ጋኖ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም በዚሁ ምዕራባዊ የአገሪቱ ክፍል ሰፊ አንባቢ አግኝቷል። ጉዲና ያደጉት ይህ ሥራ ባፈራው ማኅበረሰብ መካከል ነበር።

ትምህርታቸውን በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተከታተሉ በኋላ በነቀምቴ በሚሲዮኑ ሆስፒታል የሕክምና ረዳትነት (ድሬሰር) ሥልጠና ወስደው በዚያው ሠሩ። ወንጌል የሚሰበክበትና ቁስል የሚታጠብበት ግቢ አንድ በመሆኑ፣ በኋላ ላይ ስለ ሰው ሙሉነት የጻፉትን ሐሳብ በተግባር ያዩት መጀመሪያ እዚህ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ገብተው በ1958 እ.ኤ.አ. በቅስና ተሾሙ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ይባላሉ። ታናሽ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች ከሆኑት አንዱ ነበሩ።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቄስ ጉዲና ለከፍተኛ የነገረ መለኮት ትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው በሚኒሶታ ግዛት በሚገኘው ሉተር ሴሚናሪ ተማሩ። ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1966 እ.ኤ.አ. እንደተመለሱ ዋና ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ።

በመካነ ኢየሱስ

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በብሔራዊ ደረጃ የተቋቋመችው ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ወደ 20,000 የሚጠጉ አባላት ነበሯት። በ1963 እ.ኤ.አ. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ሆነች። በዚያው ዓመት አቶ አማኑኤል አብርሃም ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ፣ ቄስ ጉዲና ከሦስት ዓመት በኋላ በዋና ጸሐፊነት አብረዋቸው መሥራት ጀመሩ።

ዋና ጸሐፊው በአንድ በኩል በየገጠሩ በፍጥነት የሚያድጉ ምእመናንን፣ በሌላ በኩል ከውጭ የሚመጣ ገንዘብና የሚሲዮን ድርጅቶችን ማስተባበር ነበረባቸው። ቤተ ክርስቲያኗ ከውጭ ርዳታ ጥገኝነት ወጥታ በራሷ እንድትቆም ደጋግመው ያሳስቡ ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. ለፕሬዚዳንቱ በጻፉት ማስታወሻ ስለ ራስን መቻልና ስለ አገልጋዮች አሠለጣጠን ሰፊ ሐሳብ አቅርበዋል። በሐሳባቸውም አገልጋይ ደመወዝ ቢቋረጥበት በእጁ ሥራ ራሱን እያስተዳደረ ወንጌልን መስበክ የሚችል መሆን ነበረበት።

የቤተ ክርስቲያኗ አገልጋዮች የሚሠለጥኑበት መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ በ1960 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከብስራተ ገብርኤል ብዙም በማይርቀው መካኒሳ ይገኛል።

ስለ ጸጋና ስለ ቅድስና የነበራቸው አስተምህሮ

የቄስ ጉዲናን ሕይወት ለመረዳት በሉተራን ትምህርት ውስጥ ጸጋና ቅድስና እንዴት እንደሚያያዙ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ትምህርት መሠረት ኃጢአተኛ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ጻድቅ ተብሎ የሚቆጠረው በክርስቶስ ሥራ ምክንያት፣ በጸጋ፣ በእምነት በኩል ነው። ሰው ለዚህ የሚያዋጣው ምንም ነገር የለውም። መጽደቅ የሚባለው ይህ ሲሆን በአንድ ዳኛ ፊት ቆሞ በነፃ እንደ መለቀቅ ይቆጠራል።

ቅድስና ደግሞ ከዚያ በኋላ መንፈስ ቅዱስ በአማኙ ሕይወት ውስጥ ዕድሜ ልኩን የሚሠራው ሥራ ነው። «ቅዱስ» የሚለው የግዕዝ ቃል ለእግዚአብሔር የተለየ ማለት ነው፤ ቅዳሴ የሚለውም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ መቀደስ ማለት ከሰው መሸሽ ሳይሆን ለእግዚአብሔር ተለይቶ በሰው መካከል መኖር ማለት ይሆናል። ዛፉ ፍሬ የሚያፈራው ሕያው ስለሆነ ነው እንጂ ፍሬው ዛፉን ሕያው አያደርገውም፤ መልካም ሥራም እንዲሁ የመዳን ውጤት እንጂ ምክንያት አይደለም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት እምነት፣ ምግባርና ምሥጢራት ሳይነጣጠሉ የመዳን መንገድ ሆነው ይቀርባሉ። በዚህም የተነሳ ሁለቱ ወገኖች ጸጋ፣ ጽድቅና ቅድስና የሚሉትን ቃላት በጋራ ቢጠቀሙም አያያዛቸው ይለያያል። ሆኖም ጸጋን የተቀበለ ሰው እንደ ቀድሞው ሊኖር አይገባውም በሚለው ላይ ይስማማሉ።

ሁለት ስሕተቶች ይህን ትምህርት በየዘመኑ ይፈታተኑታል። አንደኛው በራስ ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት መመካት ነው። ሁለተኛው ጸጋን ለስንፍና መሸፈኛ ማድረግ ነው። ጀርመናዊው የሉተራን ቄስ ዲትሪሽ ቦንሆፈር ይህን ሁለተኛውን ርካሽ ጸጋ ብሎ ጠርቶታል፤ ኢየሱስን መከተል የሌለበት ይቅርታ ማለቱ ነበር። ቄስ ጉዲና ከቦንሆፈር ጋር ብዙ ጊዜ የሚነጻጸሩት በዚህ ምክንያት ነው። በ1979 እ.ኤ.አ.፣ በሕይወታቸው መጨረሻ፣ አንድ ክርስቲያን በሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ስላለው ድርሻ በጻፉት ጽሑፍ፣ መዳን የክርስቶስ ሥራ መሆኑን መነሻ አድርገው ከዚያ የሚከተለውን ኑሮ ያብራራሉ። አማኝ ክርስቶስ ስለ እርሱ ስለሞተ ከእንግዲህ ለራሱ አይኖርም፤ ለአገሩ ጥሩ ዜጋ፣ ለጎረቤቱ አገልጋይ፣ ለጌታው ደግሞ ምስክር ነው።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. በከተማ ወጣቶች መካከል የተነሳው የመንፈስ ቅዱስ መነቃቃት የቅድስናን ጥያቄ ይበልጥ አጣዳፊ አድርጎት ነበር። በልሳን መናገር፣ ፈውስና ረጅም የጸሎት ጊዜ የለመዱ ወጣቶች ከነባሮቹ ሽማግሌዎች ጋር አልፎ አልፎ ይጋጩ ነበር። የመካነ ኢየሱስ አመራር ወጣቶቹን ከማባረር ይልቅ በትምህርት እየመራ በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ማቆየትን መረጠ። ይህ ውሳኔ ለኋለኛው ዕድገቷ ትልቅ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ይታመናል።

የ1964 ዓ.ም. ሰነድ

በግንቦት 1964 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ በወንጌል ስብከትና በሰው ልማት መካከል ስላለው ግንኙነት ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ሰነድ ላከች። የሰነዱ ዋና አዘጋጅ ቄስ ጉዲና እንደሆኑ ይነገራል። ምክንያቱ የሚከተለው ነበር። በምዕራብ አገሮች ያሉ ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለውኃ ጉድጓድ ብዙ ገንዘብ ይሰጡ ነበር፤ ለስብከትና ለሰባኪዎች ማሠልጠኛ ግን የሚሰጡት በጣም ጥቂት ነበር። አንዳንዶቹም በሕጋቸው ለልማት የሰጡት ገንዘብ ለስብከት እንዳይውል ይከለክሉ ነበር።

ሰነዱ ይህ ክፍፍል ሰውን ለሁለት እንደሚቆርጥ ተከራከረ። የውስጥ ሰውነቱ ያልተለወጠ ሰው በእጁ የገባውን ሀብት በአግባቡ አይጠቀምበትም፤ የተራበውን አይቶ የሚያልፍ ስብከትም የወንጌልን ሙሉ መልእክት አይናገርም። በቅድስና ትምህርት ቋንቋ ሲገለጽ፣ መንፈስ ቅዱስ የሚቀድሰው ነፍስን ብቻ ሳይሆን የሰውን እጅ፣ ኪስና ጉርብትናም ጭምር ነው።

ድሀ ከሚባል አገር የመጣው ይህ ጥያቄ ሰጪዎቹን አስደንግጧል። ጉዳዩ ሰፊ ክርክር አስነስቶ በጥቅምት 1967 ዓ.ም. በናይሮቢ ዓለም አቀፍ ጉባኤ እንዲካሄድበት አደረገ።

አብዮቱ

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ብዙ የመካነ ኢየሱስ አባላት ለውጡን በተስፋ ተቀብለውት ነበር። በተለይ በወለጋና በደቡብ ለጭሰኛው የመሬት አዋጁ ታላቅ የምሥራች ነበር። የቤተ ክርስቲያኗ አመራርም በ1967 ዓ.ም. ባወጣው መልእክት ለፍትሕና ለእኩልነት የሚደረገውን ጥረት ደግፎ፣ ይሁንና ማንኛውም ርዕዮተ ዓለም ፍጹም ሊሆን እንደማይችልና ፍጹም ታማኝነት የሚገባው ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ ገለጸ።

ግጭቱ የመጣው ከዚህች ነጥብ ነው። መንግሥት ዜጎች ለአብዮቱ ያለገደብ እንዲገዙ ይጠይቅ ጀመር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበረው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተወረሰ። በየክፍለ ሀገሩ ሰባኪዎች ታሰሩ፤ ጸሎት ቤቶችም ተዘጉ። ቄስ ጉዲና አብያተ ክርስቲያናት ልዩነታቸውን እንደያዙ በአንድነት እንዲመክሩ ጥረት አደረጉ። ይህ ጥረት፣ በውጭ ያላቸው ዝናና የወንድማቸው የፖለቲካ ተሳትፎ በመንግሥት ዓይን ተጠርጣሪ አደረጓቸው።

እስራትና ሞት

ቄስ ጉዲና በጥቅምት 1971 ዓ.ም. ታስረው ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ተለቀቁ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ በድጋሚ ታስረው ተፈቱ። በዚህ ጊዜ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት የታንዛኒያው ጳጳስ ዮስያ ኪቢራ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻችተው ነበር፤ ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬም ሊቀበሏቸው ዝግጁ ነበሩ። ቄስ ጉዲና ግን ምእመናን መከራ ላይ እያሉ እረኛቸው ጥሏቸው ሊሄድ አይገባም ብለው አልተቀበሉም። ለዚህም የጠቀሱት ክርስቶስ ስለ ሁሉ የሞተው በሕይወት ያሉት ለራሳቸው እንዳይኖሩ ነው የሚለውን የጳውሎስ ትምህርት ነበር። ቦንሆፈርም በ1939 እ.ኤ.አ. ከኒው ዮርክ ወደ ጀርመን ሲመለስ ተመሳሳይ ውሳኔ አድርጎ ነበር፤ በ1945 እ.ኤ.አ. በናዚዎች ተሰቅሏል።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ምሽት ቄስ ጉዲና በአዲስ አበባ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ከባለቤታቸው ጋር ሲወጡ የታጠቁ ሰዎች ሁለቱንም በመኪና ወሰዷቸው። ወይዘሮ ፀሐይን ከከተማው ዳር ጥለዋቸው ሄዱ፤ ቄስ ጉዲና ግን በዚያው ሌሊት ተገደሉ። ዕድሜያቸው 50 ዓመት ነበር። መንግሥት መገደላቸውን ስላላመነ ቤተሰቡም ቤተ ክርስቲያኗም ለ13 ዓመት ያህል የት እንዳሉ ሳያውቁ ቆዩ። ወይዘሮ ፀሐይ ራሳቸው ከጥቂት ወራት በኋላ ታስረው ከባድ ሥቃይ የደረሰባቸው ሲሆን ወደ 10 ዓመት ገደማ በእስር አሳልፈዋል።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ የቄስ ጉዲና አጽም የልዑል ራስ አሥራተ ካሣ መኖሪያ በነበረው ግቢ ውስጥ ተገኝቶ በክብር ተቀበረ። ቄስ ጉዲና በተገደሉበት ክረምት የተገደሉት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም አጽማቸው በዚያው 1984 ዓ.ም. ተገኝቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አርፏል። በነገረ መለኮት የማይስማሙ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት አባቶቻቸውን በአንድ ክረምት አጥተው በአንድ ዓመት ቀበሩ።

ውርስ

መካነ ኢየሱስ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ አባላት ያሏት ሲሆን በዓለም ካሉት የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት በአባላት ብዛት ቀዳሚዋ ናት። ሁለንተናዊ አገልግሎት አሁንም የሥራዋ መመሪያ ነው። በስማቸው የተቋቋመው የጉዲና ቱምሳ ፋውንዴሽን ጽሑፎቻቸውን ሰብስቦ በ2003 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አሳትሟል፤ በተለያዩ አገሮች ሴሚናሪዎችም ይጠናሉ።

የቄስ ጉዲና ታሪክ ስለ ጸጋ በሚደረጉ ውይይቶች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሞታቸው መዳንን አስገኘላቸው ለማለት አይደለም፤ ይህ ከራሳቸው ትምህርት ጋር ይጋጫል። የሚጠቀሰው በነፃ የተቀበሉት ጸጋ በአደጋ ሰዓት ምን ፍሬ እንዳፈራ ለማሳየት ነው። በዚህ አረዳድ ቅድስናቸው የታየው በተገደሉባት ሌሊት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ የመውጫው በር ተከፍቶላቸው ሳለ ከመንጋቸው ጋር ለመቆየት በወሰኑበት ጊዜ ነው።