አልፍሬድ ያርቡስ እና ፊትን የማየት ጥናት

አልፍሬድ ሉክያኖቪች ያርቡስ በ1914 ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በ1941 ከሞስኮ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመረቀ፤ ከዚያም በሶቪየት ኅብረት ሳይንስ አካዳሚ ተቋማት ሠራ። የፊዚክስ ሰው መሆኑ በምርምሩ ሁሉ ይታያል፤ ሰው ምን ያያል ከሚለው አስቀድሞ ዐይን የት እንዳረፈ በምን ይለካል የሚለውን ጠይቋልና።

መሣሪያው ዛሬ ለሚያነብ ያስጨንቃል። ዐይን በጠብታ ከደነዘዘ በኋላ ሽፋኖቹ በፕላስተር ተስበው ይያዛሉ፤ ራስም እንዳይነቃነቅ ይደገፋል። አንዲት ትንሽ ክዳን በመምጠጥ ኃይል በዐይኑ ኳስ ላይ ትጣበቃለች። በክዳኗ ላይ ያለው መስታወት የሚያንጸባርቀው ጨረር ከዐይን ጋር እየተንቀሳቀሰ በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ምልክት ይተዋል፤ ዐይን ሲዘል ቀጭን መስመር፣ ሲያርፍ ጥቁር ነጥብ። በሌላ ዐይነት ክዳን ደግሞ ምስሉ ራሱ ከዐይን ጋር አብሮ እንዲንቀሳቀስ አደረገ፤ ምስሉም በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ከተመልካቹ ጠፋ። የመጽሐፉ ሰፊ ክፍል ይህን የሚመለከት ሲሆን ዛሬ ግን የሚጠቀሰው እምብዛም ነው።

ዝናው የመጣው ከፊትና ከሥዕል መዛግብት ነው። የአንዲት ልጅ ፎቶግራፍ ሲታይ መስመሮቹ በዐይኖቿና በከንፈሮቿ ላይ ተከማቹ፤ ጉንጭና ግንባር ጥቂት ብቻ ደረሳቸው። ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረው በኢልያ ሬፒን ሥዕል ላይ ያደረገው ሙከራ ነው። ሥዕሉ ከግዞት የተመለሰ ሰው ሳይጠበቅ ወደ ቤቱ ሲገባ ያሳያል። አንድ ተመልካች ሰባት ጊዜ፣ በየጊዜው ለሦስት ደቂቃ አየው። ስለ ዕድሜ ሲጠየቅ ዐይኑ ፊቶችን ተከተለ፤ ስለ ኑሮ ደረጃ ሲጠየቅ ወደ ልብስና ወደ ቤት ዕቃ ሄደ፤ ሰውዬው ስንት ጊዜ እንደራቀ ሲጠየቅ በተመላሹና በቤተሰቡ ፊት መካከል ተመላለሰ። ሥዕሉም ተመልካቹም አንድ ናቸው፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው።

ትእዛዝ ዕይታን እንደሚለውጥ በቺካጎ የነበረው ጋይ በስዌል በ1935 አሳይቶ ነበር፤ ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ ለያርቡስ መስጠት ተገቢ አይደለም። ይሁን እንጂ ሰባቱ መዛግብት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያላቸውን ኃይል በስዌል አላገኘውም። የያርቡስ መጽሐፍ በ1965 በሩሲያኛ፣ በ1967 በእንግሊዝኛ ታተመ። የእንግሊዝኛው አርታኢ ሎሪን ሪግስ ራሱ ከዐይን ጋር የሚንቀሳቀስ ምስል እንደሚጠፋ በአሜሪካ ያጠና ሰው ነበር።

ያርቡስ በ1986 ዐረፈ። በኋላ ዐይንን የማይነካ የካሜራ መሣሪያ ተስፋፋ፤ የእርሱም መዛግብት ደጋግመው ተፈተሹ። በ2008 ካሮሊን ብሌ እና ባልደረቦቿ ምዕራባውያን ተሳታፊዎች ዐይንንና አፍን፣ የምሥራቅ እስያ ተሳታፊዎች ግን ይበልጥ የፊትን መካከል፣ አፍንጫ አካባቢ እንደሚያዩ አሳተሙ። በጥቂት የሞስኮ ተመልካቾች የተገኘውን መስመር የሰው ልጅ ሁሉ ሕግ አድርጎ መጥቀስ ከዚህ በኋላ አስቸጋሪ ነው።

ይህ ክርክር ደቡብ ጎንደርንም ይመለከታል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያደገ ሰው ፊትን ማንበብ የሚለምደው ከሰው ብቻ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ነው። በሥዕሉ ወግ ቅዱሳን ወደ ተመልካቹ ዞረው በሁለት ዐይን ይሣላሉ፤ አጋንንትና ክፉዎች ግን ብዙውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዐይን። ማን ማን እንደሆነ የሚለይ አንድ ምልክት የዐይኖቹ ቍጥር ነውና፣ ለዚህ ጥያቄ አንድ ማረፊያ ሊበቃ ይችላል፤ ቅዱሱ ምን እያደረገ ነው ለሚለው ግን እጆቹና የያዘው ነገር ይፈለጋሉ። በዚያ አካባቢ የሚደረግ ልኬት እንግዲህ ፎቶግራፍንና የግድግዳ ሥዕልን ለየብቻ ማቅረብ፣ ለአንዱ ተመልካችም ጥያቄውን እየለወጡ መመዝገብ ይኖርበታል።