ዳግማዊ አጼ ምኒልክ፣ ፖስታ ቤትና ባንክ

እኔ ትምህርቴ አንደኛ ደረጃ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ግን በመዝገብና በደረሰኝ መካከል ስለሆነ ዘንድሮ ስለ ገንዘብ አያያዝ ልጻፍ ብዬ አሰብኩ። ይህንንም በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ሕይወት በኩል ላሳያችሁ። የዓድዋውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁና እሱን አልፈዋለሁ።

አጼ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ገና ልጅ ነበሩ። አጼ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዷቸውና አሥር ዓመት ያህል እዚያ ቆዩ። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡና ነገሡ። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

በዚያ ዘመን ገንዘብ ማለት አሞሌ ጨውና የማርትሬዛ ብር ነበር። አንዱ ብር 28 ግራም ስለሚመዝን ሺህ ብር ያለው ነጋዴ 28 ኪሎ በበቅሎ ጭኖ ሽፍታ እየፈራ ይሄዳል። እቤቱ የሚያኖረውም በማሰሮ ከትቶ ይቀብረዋል። ሰውየው ሳይናገር ድንገት ከሞተ ገንዘቡም አብሮት ተቀበረ ማለት ነው።

ንጉሡ በ1886 ዓ.ም. ፖስታ እንዲቋቋም አዘዙ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ሰባት ዓይነት ሲሆኑ ፓሪስ ታተሙ። ባንዳንዱ የንጉሡ መልክ፣ ባንዳንዱ አንበሳ ነበረበት። ቴምብሩ ግን ከአገር ውጪ ስለማይሠራ ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ደብዳቤ የፈረንሳይ ቴምብር ይጨመር ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው።

ባንኩም ተከተለ። በ1897 ዓ.ም. ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ጋር ለ50 ዓመት ውል ተዋዋሉና በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክን ራሳቸው መርቀው ከፈቱ።

እንግዲህ ልብ በሉ። እንግሊዞች በ1854 ዓ.ም. ሁለቱን አገናኝተው ድሃው አንድ ሽልንግ እንኳ ይዞ ፖስታ ቤት ሄዶ እንዲቆጥብ አደረጉ። ግብጽም በ1893 ዓ.ም. ይህንኑ ጀመረች። በእኛ አገር ፖስታና ባንክ በአንድ ንጉሥ እጅ ተወለዱ፤ በዘመናቸው ግን ፖስታው ደብዳቤ ያመላልሳል፣ ባንኩ ነጋዴውን፣ መኳንንቱንና የውጭ ሰውን ያስተናግዳል። ድሃው ከማሰሮው ጋር ቀረ።

አጼ ምኒልክ ለብዙ ጊዜ ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ባንኩንም አጼ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ አሰኙት።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። እናቴ ባረፉ ጊዜ ከትራሳቸው ውስጥ የጃንሆይ ምስል ያለበት 180 ብር አገኘን። ሽንኩርት ሸጠው ለክፉ ቀን ብለው ያስቀመጡት ነው። ኖቱ ግን በ1969 ዓ.ም. ተቀይሮ ስለነበር ማንም አልተቀበለንም። ክፉው ቀን ሲመጣ ገንዘባቸው አልደረሰላቸውም፤ ቀብራቸውን ያስፈጸመው ዕድሩ ነው።

ስለዚህ የቆቃ ወገኖቼ፣ የሽንኩርትም ሆነ የዓሣ ገንዘብ ያላችሁ፣ በፍራሽና በትራስ አትደብቁ። ደብተር ክፈቱ፣ ደብተሩ ያለበትንም ለሚስት ወይም ለባል፣ ለልጅም ንገሩ። ዕድር ሰውን ይቀብራል እንጂ የተቀበረ ገንዘብ ቆፍሮ አያወጣም።

ለከርሞው በጤና ያገናኘን።