ሎርድ ሂዋርትና የሚኒስትሮች ደንብ

ሕግ አውጪው ምክር ቤት በሚያወጣው ዐዋጅ ውስጥ ለሚኒስትሩ ደንብ የማውጣት ሥልጣን የሚሰጥ አንቀጽ ማስገባት በዘመናዊ መንግሥት አሠራር የተለመደ ነው። ምክር ቤቱ ዝርዝሩን ሁሉ ራሱ ልደንግግ ቢል ጊዜውም ዕውቀቱም አይበቃውም። ነገር ግን ይህ በውክልና የተሰጠ ሥልጣን በሥራ ላይ ሲውል የሚቆጣጠረው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ከሕግ ባለሙያዎች ጠባብ ክበብ አውጥተው በአደባባይ ካቆሙት ሰዎች መካከል የእንግሊዝ ዋና ዳኛ የነበሩት ጎርደን ሂዋርት በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት፣ በመጨረሻ ከሚጠቀሰው የአገራችን ዐዋጅ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሂዋርት በጥር ወር 1870 በላንካሽር ግዛት በበሪ ከተማ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ተወለዱ። በማንቸስተር ከተማሩ በኋላ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ትምህርታቸውን ሲጨርሱ በቀጥታ ወደ ሕግ ሥራ አልሄዱም፤ ጋዜጠኛ ሆነው መሥራትን መረጡ። በኋላ ዘመን ከባዱን የሕግ ነገር ተራው አንባቢ በሚረዳው ቋንቋ ለመጻፍ ያበቃቸው ይኸው ልምድ ነበር ማለት ይቻላል። በ1902 የጥብቅና ፈቃድ አግኝተው በፍጥነት ስም አወጡ። በ1913 የሌስተር ከተማ ሕዝብ መርጧቸው የሊበራል ፓርቲ አባል ሆነው ፓርላማ ገቡ።

በ1916 የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ረዳት፣ በ1919 ደግሞ ራሳቸው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። ዘመኑ መንግሥት በደንብ ብዛት የሚያስተዳድርበት ዘመን ነበር። በ1914 የወጣው የአገር መከላከያ ሕግ ለመንግሥት እጅግ ሰፊ ደንብ የማውጣት ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። በ1920 የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ሕግ ግን አንድ ልጓም አበጀ፤ ይኸውም በሕጉ መሠረት የሚወጣ ደንብ በፓርላማ ፊት እንዲቀርብና ሁለቱም ምክር ቤቶች ካላጸደቁት ከሰባት ቀን በላይ እንዳይጸና የሚያዝ ነበር። በ1921 ከአየርላንድ ጋር የተደረገውን ውል በእንግሊዝ በኩል ከፈረሙት አንዱም ሂዋርት ነበሩ። እንግዲህ ኋላ የነቀፉትን የመንግሥት ቤት ከውጭ ሆነው የሚያዩት ሰው አልነበሩም፤ ጓዳውን ያውቁታል።

ወደ ዋና ዳኝነት የደረሱበት መንገድ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። በ1921 ወንበሩ ሲለቀቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ለሂዋርት ሊሰጧቸው ቢፈልጉም በዐቃቤ ሕግነታቸው በጣም ያስፈልጓቸው ነበር። ስለዚህ ሎርድ ትሬቬቲን የተባሉ የሰባ ሰባት ዓመት አዛውንት ዳኛ ቀን ያልተጻፈበት የመልቀቂያ ደብዳቤ አስቀድመው እንዲፈርሙ ተደርጎ ለጊዜው ተሾሙ። በመጋቢት 1922 ጊዜው ሲደርስ አዛውንቱ ሥራቸውን መልቀቃቸውን ያወቁት ከጋዜጣ ላይ አንብበው እንደ ሆነ ይነገራል። ሂዋርትም በወንበሩ ተቀመጡ። የዳኝነት ነጻነት በአስፈጻሚው ፈቃድ ምን ያህል ሊጣመም እንደሚችል ከእርሳቸው ሹመት የበለጠ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

በ1924 በሰጡት ውሳኔ ስማቸው በዓለም ሁሉ ታወቀ። በሰሴክስ የአንድ ሞተር ብስክሌት ነጂ ጥፋተኛነት ሲወሰን፣ ከዳኞቹ ጋር ወደ ምክክር ክፍል የገባው ጸሐፊ የተከሳሹ ባላጋራ ጠበቆች ባልደረባ ነበረ። ጸሐፊው በምክክሩ አንዳች ቃል ባይናገርም ሂዋርት ፍርዱን ሻሩት። ፍትሕ መሰጠቱ ብቻ አይበቃም፤ ሲሰጥም ለሰው ዓይን ሊታይ ይገባል የሚለው መሠረተ ሐሳብ ከዚህ ውሳኔ ጋር ተያይዞ ይኖራል።

በ1929፣ ገና በወንበራቸው ሳሉ፣ አዲሱ የግፍ አገዛዝ የሚል ርእስ የሰጡትን መጽሐፍ አሳተሙ። የመጽሐፉ ክስ ይህ ነበር፦ ሹማምንት በፓርላማው የበላይነት እየተጠቀሙ ፓርላማውን ራሱን ያልፉታል፤ ቀጥሎም ከፍርድ ቤት ሥልጣን ያመልጣሉ። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ሁሉ፣ ሥልጣኑም የሚሄደው በጩኸት ሳይሆን በማይታዩ አንቀጾች ነው። ከነዚህ አንዱ በሄንሪ ስምንተኛ ስም የሚጠራው፣ ሚኒስትሩ ዐዋጁን ራሱን በትእዛዝ እንዲያሻሽል የሚፈቅደው ድንጋጌ ነው። የ1925 የግብርና ግምት ሕግ አንቀጽ 67 እንዲህ ያለ ሥልጣን ይሰጥ ነበር። ሌላው፣ ሚኒስትሩ ያወጣው ደንብ በዐዋጁ ውስጥ እንደ ተጻፈ ይቆጠራል የሚለው ነው፤ ይህ ሲሆን ፍርድ ቤት ደንቡን ለመመርመር በር ያጣል።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መንግሥት በኤርል ዶኖሞር ሰብሳቢነት አንድ መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ1932 ባቀረበው ዘገባ ግፍ አለ የሚለውን ክስ አልተቀበለም፤ የውክልና ሕግም ለዘመኑ አስፈላጊ መሆኑን አረጋገጠ። ሆኖም ጥንቃቄው እንደማይበቃ አምኖ፣ በየምክር ቤቱ ደንቦችን የሚመረምር ቋሚ ኮሚቴ እንዲቆም መከረ። በዚሁ በ1932 የአውስትራሊያ ሴኔት እንዲህ ያለውን ኮሚቴ አቋቋመ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ግን ምክሩን በመሳቢያ ውስጥ አኖረው። ፍርድ ቤቶች በበኩላቸው አልተኙም፤ በ1931 በያፌ ጉዳይ ከሕጉ ጋር የማይስማማ የሚኒስትር ትእዛዝ በዐዋጁ ውስጥ እንደ ተጻፈ ይቆጠራል ስለ ተባለ ብቻ ከምርመራ እንደማያመልጥ ተወሰነ።

የሂዋርት ዳኝነት ግን ከነቀፋ የጠራ አልነበረም። ችሎት ላይ ክርክሩን ሰምተው ሳይጨርሱ ወገን ይይዛሉ ተብለው ተወቅሰዋል። መጽሐፋቸው በወጣበት በዚያው በ1929 የይግባኝ ፍርድ ቤት በሆብስና በቲንሊንግ መካከል ያዩትን ጉዳይ እንደ ገና እንዲታይ አዘዘ። በ1940 ሥራቸውን ለቀው፣ በግንቦት 1943 አረፉ።

ከሞቱ አንድ ዓመት በኋላ ነገሩ ራሱ ተናገረ። የብሔራዊ እሳት አደጋ አገልግሎት ደንቦች ሕጉ እንደሚያዝዘው በፓርላማ ፊት ሳይቀርቡ ለዓመታት እንደ ተሠራባቸው በ1944 ታወቀ። የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሄርበርት ሞሪሰን ይቅርታ ጠየቁ፤ ስሕተቱን የሚሸፍን ልዩ ሕግም ወጣ። በዚያው ዓመት የታችኛው ምክር ቤት ደንብ መርማሪ ኮሚቴ አቆመ። የ1946 ሕግም በፓርላማ ፊት የሚቀርበው ደንብ በ40 ቀን ውስጥ ሊሻር የሚችልበትን ሥርዓት አስተካከለ። በ1973 ሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኮሚቴ መሠረቱ። ኮሚቴው የደንቡን ፖለቲካዊ ፋይዳ አይመዝንም፤ ከተሰጠው ሥልጣን ማለፉን፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መሥራቱን፣ በሕዝብ ላይ ክፍያ መጣሉን፣ አጻጻፉ መጉደሉን ይመረምራል። በሰርኩላር የሚተላለፈው መመሪያ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ ወንፊት ውጭ ይቀራል።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን የሕግ ባለሙያዎችም እንግዳ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ዐዋጅ ቁጥር 1183 መመሪያ ሲወጣ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ እንዲመዘገብና በፍርድ ቤት ሊመረመር እንዲችል ደንግጓል። ሂዋርት ክሳቸውን አጋነኑ የሚሉት ተቺዎች ከእውነት አልራቁም፤ ራሳቸውም በወንበራቸው ያስተማሩትን ሁልጊዜ አልፈጸሙም። ይሁን እንጂ ግፍ መኖሩ እስኪረጋገጥ ድረስ ቁጥጥሩ ይቆይ ማለት ቤቱ ሲቃጠል ውሃ መቅዳት እንደ ሆነ ያሳዩ እርሳቸው ናቸው። የእሳት አደጋ ደንቦቹን ማንም በክፋት አልደበቃቸውም፤ የተረሱት የሚጠይቅ ስለ ጠፋ ነው።